ባክቴሪያ ያዘለ ትል

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በየዓመቱ ለገበሬውም ለአንባቢውም የሚያሳትመው አንድ መጽሐፍ ነበረው። በ1914 እትም ላይ ናታን ኮብ የሚባሉ ተመራማሪ ስለ ኔማቶዶችና ስለ ዝምድናዎቻቸው ረዘም ያለ ጽሑፍ አወጡ (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኮብ አንባቢያቸውን አንድ ነገር እንዲያስብ ይጠይቁታል። በዓለም ላይ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ኔማቶዶች ብቻ ቢቀሩ ምን እናያለን? ኮብ እንደሚሉት ዓለም በጭላንጭልም ቢሆን ቅርጿን ይዛ ትታያለች። ተራራውና ሸለቆው፣ ወንዙና ሐይቁ በላያቸው በተነጠፈው የትል ስስ ሽፋን ይለያሉ። ዛፎች ቆመውበት የነበረው ስፍራ ይታወቃል። ትሎቹን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ከተገኘም የቱ ተክል ወይም የቱ እንስሳ በየት እንደነበረ ሊናገር ይችላል።

ኔማቶድ አካሉ ድቡልቡል፣ ሁለት ጫፉ ቀጠን ያለ፣ እንደ ምድር ትል በቀለበት ያልተከፋፈለ ትል ነው። እኛ የምናውቀው ወስፋት ኔማቶድ ነው። ኮሶ ግን ጠፍጣፋና የተቀጣጠለ ስለሆነ ከሌላ ወገን ነው። አብዛኞቹ ኔማቶዶች በሰው ሆድ ውስጥ አይኖሩም፤ ዓይን ሳያያቸው በአፈርና በውሃ ውስጥ ይኖራሉ። ከጓሮ የተዘገነ አንድ እፍኝ አፈር በሺዎች የሚቆጠሩ ይይዛል። አንዱ ባክቴሪያ ይበላል፣ ሌላው የተክል ሥር ይመጥጣል፣ ሌላው ነፍሳትን ይገድላል። ከኮብ ጽሑፍ ወዲህ ያለውን የምርምር ታሪክ ስከታተል ደጋግሞ የሚገጥመኝ አንድ ነገር ነው። ትሉን አብሮት ከሚኖረው ፍጥረት ነጥሎ ሊረዳው የሞከረ ሁሉ አልተሳካለትም።

ጽሑፉ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1916፣ በኒው ጀርሲ ግዛት ሪቨርተን በምትባል ከተማ አጠገብ ባለ የችግኝ ማፍያ ውስጥ ማንም የማያውቀው ጥንዚዛ ታየ። ደረቱ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ ክንፉ የመዳብ ቀለም ያለው የጃፓን ጥንዚዛ ነበር። በተክል ሥር ላይ ባለ አፈር ተጭኖ ሳይገባ አልቀረም። በአገሩ የሚያድኑት ጠላቶች ስላሉት ያን ያህል የሚፈራ አልነበረም። አሜሪካ ሲደርስ ግን ጠላቶቹን ጥሎ መጥቷል። ጽጌረዳ፣ ወይን፣ ፖምና ሌሎችም ከሦስት መቶ የማያንሱ የተክል ዓይነቶች ምግቡ ሆኑ። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው በሣር ሜዳ አፈር ውስጥ ነው። የሚፈለፈለው ነጭ ቆልማማ እጭም የሣሩን ሥር እየቆረጠ ያድጋል።

ጥንዚዛው ከዓመት ዓመት ወደ ምዕራብ እየገፋ ኦሃዮ ገባ። ከኮለምበስ በስተ ሰሜን ባለችው በዌስተርቪል ቤት የገዛ ያገራችን ሰው ስሙን ባያውቅ እንኳ ሥራውን ያውቃል። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም የግቢው ሣር ያለ ምክንያት ይቢጫል፤ ሲስቡት ሥር ስለሌለው ተገፍፎ ይነሣል። ሌሊት ደግሞ ራኩንና ስካንክ እጩን ፍለጋ መጥተው ሜዳውን ቆፋፍረውት ያድራሉ።

የመጀመሪያው ተስፋ በ1929 መጣ። በፕሪንስተን በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ሩዶልፍ ግላዘር ከኒው ጀርሲዋ ሀደንፊልድ አካባቢ በመጡ የጃፓን ጥንዚዛ እጮች ውስጥ ኔማቶዶች አገኙ። እጮቹ ሞተዋል፤ ትሎቹ በሬሳው ውስጥ ይርመሰመሳሉ። ጎትሆልድ ስታይነር የተባሉት ስዊዘርላንዳዊ የኔማቶድ ሊቅ በዚያው ዓመት ለትሉ ስም ሲያወጡ ግላዘርን አከበሩበት። ዛሬ ስታይነርኔማ ግላዘሪ ይባላል። የወገኑ ስም ስታይነርኔማም የስታይነርን የራሳቸውን ስም የያዘ ነው። እሳቸው በ1923 ከጀርመን ጫካ የመጀመሪያውን ዘመድ ስለገለጹ ሌላ ሊቅ በስማቸው ሰየመላቸው።

ግላዘር ያደረጉትን በዚያ ዘመን የሞከረ አልነበረም። ትሉን ያለ ነፍሳት፣ በላቦራቶሪ ምግብ ላይ ማራባት ቻሉ። በሚሊዮን እያባዙም በ1930ዎቹ በኒው ጀርሲ ሜዳዎች ላይ አፈሰሱት። አንዳንዱ ሙከራ ተሳካ፤ እጮች ሞቱ። ግዛቲቱም ትሉን በየቦታው የማስፈር ትልቅ ሥራ ጀመረች። ያን ጊዜ ማንም ያልጠረጠረው ችግር ግን በማራቢያው ሳህን ውስጥ ነበር። ምግቡ እንዳይበላሽ ተብሎ ጀርም የሚገድል መድኃኒት ይጨመርበታል። ለግላዘር ባክቴሪያ ማለት ብክለት ነው፤ ንጹሕ ትል ደግሞ የተሻለ ትል ነው። ይህን ስላሰቡ ሊወቀሱ አይገባም፤ የዘመኑ ሳይንስ በአብዛኛው ባክቴሪያን በጠላትነት የሚያይ ነበር። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ቀጥሎም ዲዲቲ መጣ። በርካሽ የሚገኝ ፈጥኖ የሚገድል መርዝ እያለ ትል ለማርባት የሚደክም አልተገኘም። ነገሩም ለዓመታት ተረሳ።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም የፖም ፍሬ ከሚቦረቡር አንድ ዓይነት የእሳት ራት እጭ፣ ተመሳሳይ ትል አገኙ። አንደኛው በቼኮስሎቫኪያ ያሮስላቭ ቫይዘር ናቸው። ሁለተኛው በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ይሠሩ የነበሩት ሳምሶን ደትኪ ሲሆኑ የእሳቸው ትል ከቨርጂኒያ የመጣና ዲዲ-136 የሚል መለያ የተሰጠው ነው። ደትኪ ከትሉ ጋር ሁልጊዜ አንድ ባክቴሪያ አብሮ እንደሚታይ አስተዋሉ። ዋናውን ቋጠሮ የፈቱት ግን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የነበሩት ጆርጅ ፖይናርና ባልደረባቸው ቶማስ ናቸው። በ1965 ባክቴሪያውን ለይተው ስም ሰጡት። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ትሉ ያለ ባክቴሪያው ምን እንደሚሆን አሳዩ። ባክቴሪያውን ያጣ ትል ነፍሳቱ ውስጥ ቢገባም እንደ ወትሮው አድጎ ሊራባ አይችልም። የግላዘር ንጹሕ ትል ትጥቁን የተገፈፈ ነበር ማለት ነው።

ጉድኝቱ የሚሠራበትን መንገድ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። በአፈር ውስጥ የሚጠብቀው ትል ሦስተኛ የዕድገት ደረጃው ላይ ያለ፣ አፉን የዘጋ፣ ምንም የማይበላ ወጣት ነው። ርዝመቱ ከአንድ የጤፍ ፍሬ አይበልጥም። በስታይነርኔማ ወገን ባክቴሪያዎቹ የሚቀመጡት በአንጀቱ መነሻ ባለች ትንሽ ከረጢት ውስጥ ነው። ትሉ እጭ ሲያገኝ በአፉ፣ በፊንጢጣው ወይም በመተንፈሻ ቀዳዳው በኩል ገብቶ እስከ ደሙ ይዘልቃል። እዚያ ሲደርስ ባክቴሪያዎቹን ይለቃቸዋል። እነሱ በደሙ ውስጥ ተባዝተው መርዝ ያመነጫሉ፤ እጩም በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። ከዚያ ባክቴሪያዎቹ የሬሳውን ሥጋ ይሰብሩታል። ትሉም ሥጋውንና ባክቴሪያዎቹን እየበላ ሁለት ሦስት ትውልድ ይራባል።

ሬሳው በሞቃት አፈር ውስጥ ሳይበሰብስ የሚቆየው ባክቴሪያዎቹ ሌሎች ጀርሞችን የሚያርቅ አንቲባዮቲክ ስለሚያመነጩ ነው። ጉንዳን እንኳ እንዲህ ያለውን ሬሳ ቀምሶ እንደሚተወው በ1990ዎቹ የተደረጉ ሙከራዎች አሳይተዋል። ምግቡ ሲያልቅ አዲሶቹ ወጣቶች እያንዳንዳቸው የባክቴሪያ ስንቃቸውን ይዘው፣ ከአንድ እጭ በሺዎች አንዳንዴም በመቶ ሺዎች ሆነው ይወጣሉ። ባክቴሪያው ብቻውን አፈር ውስጥ ረጅም ዕድሜ የለውም፤ ወደ ሌላ እጭ የሚያደርሰው ትሉ ነው። ትሉም ያለ ባክቴሪያው ገድሎ አይበላም።

በ1976 ፖይናር ከደቡብ አውስትራሊያ የመጣ ሌላ ትል ገለጹና ሄተሮራብዳይቲስ ባክቴሪዮፎራ አሉት። ባክቴሪያ ተሸካሚ እንደማለት ነው። ይህኛው የስታይነርኔማ የቅርብ ዘመድ አይደለም። ሁለቱ ወገኖች በየራሳቸው መንገድ ሄደው አንድ ዓይነት ኑሮ ላይ የደረሱ ናቸው። የሄተሮራብዳይቲስ ባክቴሪያ ፎቶራብደስ ይባላል። የገደለው እጭ የሸክላ ቀለም ይለብሳል፤ በጨለማ ዓይኑን አስለምዶ ለሚጠብቅ ሰውም ሬሳው በደብዛዛው ያበራል።

በዚያው አስርት ዓመት አውስትራሊያ ለዓለም ሁሉ የጠቀመ ቀላል ዘዴ ሰጠች። ሮቢን ቤዲንግና ሬይ አክኸርስት በ1975 ያሳተሙት ይህ ዘዴ የሚፈልገው ቆርቆሮ፣ አፈርና ንብ አርቢዎቻችን ቀፎ ሲያጠፋባቸው የሚያውቁት የሰም እሳት ራት እጭ ብቻ ነው። ከየሜዳው የመጣ አፈር ዕቃ ውስጥ ይደረጋል፤ ጥቂት እጮች ይቀመጡበታል። ከቀናት በኋላ የሞተ ከተገኘ አፈሩ ውስጥ ገዳይ ትል አለ ማለት ነው። ውድ መሣሪያ ስለማይጠይቅ በደሃ አገር ያለ ተመራማሪም ሊሠራበት ይችላል። ወደ ኢትዮጵያ ስንደርስ ይህ ዘዴ ተመልሶ ይመጣል።

ኦሃዮ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷን ቦታ የያዘችው በ1987 ነው። ከዌስተርቪል ወደ ሰሜን ምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተነድቶ የሚደረስባት ዉስተር የኦሃዮ የግብርና ምርምር ዋና ማዕከል ናት። በዚያ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪ የነበሩት ማይክል ክላይን ዕድሜያቸውን ለጃፓን ጥንዚዛ የሰጡ ሰው ናቸው። ከፖይናርና ጃክሰን ከሚባሉ ባልደረባ ጋር ሆነው፣ ኦሃዮ ውስጥ ከጃፓን ጥንዚዛ እጭ የተገኘ አዲስ ትል ገለጹ። ስሙ ሄተሮራብዳይቲስ ሜጊዲስ ነው። ይኸው ዝርያ በአውሮፓም ተገኘ፤ በዚያ ያሉ አትክልተኞች የእንጆሪንና የአበባን ሥር የሚበላ ነቀዝ መሰል ጥንዚዛን ለመከላከል እየገዙ ይረጩት ጀመር።

በ1992 ራንዲ ጋውግለርና ባልደረቦቻቸው ወደ ግላዘር ሥራ ተመለሱ። ጋውግለር የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ግላዘር በሠሩበት በኒው ጀርሲ ነው ያለው። ከሃምሳ ዓመት በፊት ትሉ የፈሰሰባቸውን ቦታዎች ሲመረምሩ በአብዛኛው እንዳልዘለቀ አረጋገጡ። ትሉ ከሞቃት አካባቢ የመጣ መሆኑና የሰሜኑን ክረምት አለመቻሉ አንድ ምክንያት ነው። ባክቴሪያውን ተነጥቆ መለቀቁ ሌላው ነው። አንድ ሊቅ የሌላውን ሽንፈት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በአክብሮት ፈልፍሎ ምክንያቱን ማግኘቱ ልቤን ይነካዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ሽልማት አያስገኝም፤ ያለ እሱ ግን የሚቀጥለው ሰው ያንኑ ስሕተት ይደግማል።

በእነዚያው ዓመታት ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባል መድኃኒት ገበያውን ያዘ። በዓመት አንድ ጊዜ ሣር ላይ ይረጫል፤ እጩን ይገድላል፤ ርካሽ ነው። ለንብ ያለው አደጋ መነጋገሪያ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ትሉ ለሁለተኛ ጊዜ በኬሚካል ተሸነፈ ሊባል ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ፓርዊንደር ግረዋል በዉስተር ሥራውን ቀጠሉበት። የእሳቸው ቡድን ብርድና ድርቅ የሚችለውን፣ እጭ ፈጥኖ የሚያገኘውን ዓይነት ከየአፈሩ እየሰበሰበ አወዳደረ። ከኦሃዮ የተገኘና ጂፒኤስ-11 የሚል መለያ ያለው ሄተሮራብዳይቲስ ባክቴሪዮፎራ በጃፓን ጥንዚዛ ላይ ጥሩ ከሠሩት አንዱ ነው።

የግቢ ሣር ያለው ሰው ከዚህ ምርምር የሚወስደው ቁም ነገር አለ። ሁሉም ገዳይ ትል አንድ ዓይነት አዳኝ አይደለም። ስታይነርኔማ ካርፖካፕሴ በአፈሩ ገጽ ላይ በጅራቱ ቆሞ የሚያልፍ ነፍሳት ይጠብቃል። የጥንዚዛ እጭ ግን ከታች ከሥር መሐል ተቀምጧል፤ ወደሱ አይመጣም። ለእጭ የሚያስፈልገው በአፈር ውስጥ እየሄደ የሚፈልገው ሄተሮራብዳይቲስ ነው። ፀሐይ ስለምትገድለው ወደ ማታ፣ በረጠበ አፈር ላይ፣ እጩ ገና ትንሽ በሆነበት በነሐሴና በመስከረም ይረጫል፤ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠባል። ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ መጋዘን ውስጥ የከረመ ጥቅል ዋጋ የለውም።

የትልና የባክቴሪያ ጉድኝት ለእኛ አገር ሰው ከሣርና ከጥንዚዛ እጅግ የቀረበ ሆኖ የመጣው በ2000 ነው። በጥቁር ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው፣ ቆዳን አሳክኮ አሳክኮ በመጨረሻ ዓይን የሚያጠፋው ኦንኮሰርካ ኔማቶድ ነው። በከፋ፣ በጅማ፣ በኢሉባቦር፣ በመተማ ስንቱን አሠቃይቷል። በነፃ የሚታደለው አይቨርመክቲን ትንንሾቹን ትሎች ያጠፋል እንጂ ለዓመታት የምትወልደዋን እናት አይገድልም። በ2000 አቺም ሆራውፍና ባልደረቦቻቸው በጋና ባደረጉት ምርምር፣ በትሉ አካል ውስጥ የሚኖረውን ዎልባኪያ የተባለ ባክቴሪያ ዶክሲሳይክሊን በተባለ የታወቀ መድኃኒት ሲያጠፉት እናቲቱ ትል መካን እንደምትሆን አሳዩ። ፖይናር በእሳት ራት እጭ ውስጥ ያዩት ነገር እዚህ በሰው አካል ውስጥ ተገኘ፤ ባክቴሪያውን ያጣ ትል ትውልድ አይቀጥልም። መድኃኒቱ ለሳምንታት መወሰድ ስላለበትና ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ስለማይሰጥ እንደ አይቨርመክቲን በየመንደሩ አይታደልም። ቢሆንም ሐኪሙ ዒላማውን ከትሉ ወደ ጓደኛው ማዞር እንደሚችል ታወቀ።

በ2004 ደግሞ የይርጋለም ተራ ደረሰ።

ይርጋለም ከሐዋሳ በስተ ደቡብ ያለች፣ አንድ ጊዜ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረች፣ ቡናና እንሰት የከበባት ከተማ ናት። በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ቦታዎች አፈር ተሰብስቦ በሰም እሳት ራት እጭ ሲፈተሽ ከይርጋለም የመጣው አፈር በሳይንስ መዝገብ ውስጥ ያልነበረ ትል ሰጠ። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ኩኦንግ ንዊን፣ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ተስፋማርያም መከተ፣ ጎዘል፣ ያው የራትገርሱ ጋውግለርና ባይረን አዳምስ መጠኑን ለክተው፣ ዲኤንኤውን ከዘመዶቹ ጋር አስተያይተው አዲስ ዝርያ መሆኑን አረጋገጡ። ስሙንም ስታይነርኔማ ይርጋለሜንሴ አሉት። በተከታዩ ዓመት ተስፋማርያም ከጋውግለር፣ ከንዊንና ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በአገሪቱ እነዚህ ትሎች የት የት እንዳሉ የሚያሳይ ጽሑፍ አወጡ። የግላዘርን ሽንፈት የመረመረው እጅ የይርጋለሙን ትል በመሰየምም ተሳትፏል።

የይርጋለሙ ትል ዝም ብሎ በመዝገብ አልቀረም። በ2008 ኬንያ ውስጥ መገኘቱ ተዘገበ። በ2011 ደግሞ የስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲዋ አንቷኔት ማላን ከባልደረቦቻቸው ጋር የደቡብ አፍሪካ የብርቱካን እርሻዎችን አፈር ሲመረምሩ አገኙት። ብርቱካን የሚቦረቡረው የአፍሪካ እሳት ራት እጭ ከፍሬው ወጥቶ አፈር ውስጥ ይገባና ወደ ሙሹ ይለወጣል፤ እዚያ የሚጠብቀው ትል ከእጭም ከሙሹም ጋር ይገናኛል። የማላን ቡድን ትሉን በብርቱካን፣ በፖምና በወይን ተባዮች ላይ ፈተነው። በፈሳሽ ምግብ፣ በትልልቅ ማብላያ ዕቃ ውስጥ ለማራባትም ሠራበት። አብሮት የሚኖረውም ባክቴሪያ ዜኖራብደስ ኢንዲካ መሆኑ ታወቀ። የዚህ ባክቴሪያ ስም ከህንድ ነው፤ መጀመሪያ የታወቀው ከህንድ በመጣ ሌላ ትል ውስጥ ነበር። ግላዘር ያጡት ነገር አሁን የመጀመሪያው ጥያቄ ሆኗል፤ ትሉን ከማራባት በፊት ጓደኛው ማን እንደሆነ ይጠየቃል።

ይህን ሳነብ ደስታም ቁጭትም ይሰማኛል። ያው ብርቱካን የሚቦረቡረው የእሳት ራት የጽጌረዳ ላኪ አገሮች ራስ ምታት ነው፤ አውሮፓ ከሚገባው አበባ ላይ አጥብቆ የሚፈልገው ተባይ ነው። የሲዳማና የጌዴኦ ገበሬ ደግሞ የእንሰቱን ሥር በሚመጥጠው ነጭ ተባይ ስንት ዓመት የደከመበትን ተክል ያጣል። የይርጋለምን ስም የያዘው ትል ከሁሉ አስቀድሞ መፈተን ያለበት በይርጋለም ጓሮ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ የሚበቃ ዕውቀት በአገር ቤት አለ። በ2012 ኢትዮጵያውያን ከአውሮፓ ባልደረቦቻቸው ጋር ሌላ አዲስ ዝርያ፣ ስታይነርኔማ ኢትዮፒየንሴን፣ ለዓለም አስተዋውቀዋል።

ወደ ኋላ ትንሽ መለስ ብዬ በ2005 የሆነውን ልጨምር፤ ባልጠቅሰው ይቆጨኛል። በስዊዘርላንድ ኔውሻቴል የቴድ ተርሊንግስ ቡድን የበቆሎ ሥር በጥንዚዛ እጭ ሲበላ ካርዮፊሊን የሚባል ሽታ ወደ አፈሩ እንደሚለቅ፣ ሽታውም ያንኑ ኦሃዮ ላይ የተሰየመውን ሜጊዲስን ወደ እጩ እንደሚጠራው አሳየ። ተክሉ ጠባቂውን ይጠራል፤ ትሉ ባክቴሪያውን ይዞ ይመጣል፤ እጩ ይሞታል። ከዚሁ ጋር አንድ የሚያሳዝን ነገር ተገኘ። በሰሜን አሜሪካ የሚዘሩት አብዛኞቹ የበቆሎ ዓይነቶች ይህን ሽታ ማውጣት ትተዋል። በምርጫና በማዳቀል ሂደት የመጥራት ችሎታቸው ሳይጠፋ አልቀረም። ኦሃዮን አቋርጦ ለሚነዳ ሰው ግራና ቀኙ ይኸው በቆሎ ነው።

በ2012፣ የኢትዮፒየንሴ ስም በወጣበት ዓመት፣ ኦሃዮ ውስጥ አዲስ መከራ ጀመረ። በኤሪ ሐይቅ ዳር በሌክ ካውንቲ ፓርኮች ባዮሎጂስት የነበሩት ጆን ፖጋችኒክ በቢች ዛፍ ቅጠሎች ላይ በጅማቶቹ መካከል ጥቁር አረንጓዴ ሰንበር አዩ። ቢች ልጡ ግራጫና ለስላሳ የሆነ፣ ዕድሜው መቶ ዓመታትን የሚሻገር ዛፍ ነው። በዌስተርቪል ጠርዝ ባለው በብሌንደን ዉድስ ፓርክ የሚንሸራሸር ሰው ግንዱን ሳያውቀው አይቀርም። በሽታው የያዘው ቅጠል ቆዳ ይመስል ይወፍራል፣ ይኮማተራል፤ ዛፉ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ይራቆታል። ለጋዎቹ በጥቂት ዓመታት ይሞታሉ። ሻጋታ ነው? ቫይረስ ነው? ባክቴሪያ ነው? ለአምስት ዓመት መልስ አልተገኘም። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው የዛፍ በሽታ ሊቅ ፒየርልዊጂ ቦኔሎና ተማሪዎቻቸው ከፓርኮቹ ሰዎች ጋር ሆነው ነገሩ ወረርሽኝ እየሆነ መሆኑን በጽሑፍ አስጠነቀቁ።

መልሱ የመጣው ከዌስተርቪል ግማሽ ሰዓት ያህል ተነድቶ ከሚደረስባት ከሬይኖልድስበርግ ነው። የኦሃዮ ግብርና መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ በዚያ አለ። በ2017 በዚያ የሚሠሩት የተክል በሽታ ባለሙያ ዴቪድ ማካን የታመሙ ቅጠሎችን በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ከውስጣቸው ኔማቶዶች ሲወጡ አዩ። አንድ ኔማቶድ ቅጠል ውስጥ ተቀምጦ ትልቅ የጫካ ዛፍ ይገድላል ብሎ ማመን ቀላል አልነበረም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴሯ ሊን ካርታ ከብዙ ባልደረቦች ጋር ጉዳዩን ያዙት። ትሎቹን በጤነኛ ችግኝ እምቡጥ ላይ አደረጉ፤ ቅጠሉ ሲከፈት ሰንበሩ ወጣ። ከዚያው ቅጠል ትሉ ተመልሶ ተገኘ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2019 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በአገራቸው የቢች ዛፍ ቅጠል ላይ የሚኖር ሊቲሌንከስ ክሬናቴ የተባለ ትል ገለጹ። የኦሃዮው ትል ለካ የዚህ የቅርብ ወንድም ነው። በ2020 ካርታና ባልደረቦቻቸው የአሜሪካውን ንዑስ ዝርያ በዴቪድ ማካን ስም ማካኒ አሉት። ጃፓን ውስጥ ትሉ ከዛፉ ጋር ይኖራል፤ ጫካ ሲያጠፋ አልታየም። የአሜሪካ ቢች ግን ከዚህ በፊት አያውቀውም። በ1916 የጃፓን ጥንዚዛ ጠላቶቹን ትቶ መጣ፤ ይህኛው ትል ደግሞ የሚችለውን ዛፍ ትቶ የማይችለው ዛፍ ላይ ወጣ።

በዚያው በ2020 በሌክ ካውንቲ ካለው ከሆልደን የዛፎች ማዕከል ዴቪድ በርክና ባልደረቦቻቸው የታመመውንና ጤነኛውን ቅጠል ባክቴሪያ አወዳደሩ። ከታመመው ቅጠል ጋር ተያይዘው ከወጡት ስሞች አንዱ ዎልባኪያ ነበር፤ ኦንኮሰርካን መካን ለማድረግ ሐኪሞች ያሳደዱት ወገን። ቅጠሉ ላይ ምን እንደሚሠራ፣ ትሉ ያመጣው ይሁን ሌላ ነፍሳት፣ ከተመራማሪዎቹ የሥራ ጥያቄዎች አንዱ ሆነ። አንድ ትል ብቻውን በሽታ አደረሰ ከማለት በፊት ከማን ጋር እንደመጣ መጠየቅ ከፖይናር ወዲህ ግዴታ ሆኗል።

ትሉ ክረምቱን በተዘጋው እምቡጥ ውስጥ ያሳልፋል። ቅጠሉ ገና ሳይዘረጋ ሕዋሶቹን አብዝቶ ያወፍራቸዋል፤ ሰንበሩ በሚያዝያና በግንቦት ሲታይ ጉዳቱ አልቋል። ስለዚህ ፍሉኦፒራም የተባለው ለመናፈሻና ለግቢ ዛፍ የሚሞከረው መድኃኒት ቅጠል ላይ የሚረጨው ትሎቹ ወደ እምቡጥ ከመግባታቸው በፊት ነው። በጫካ ላይ መርጨት አይታሰብም፤ በሽታው ደግሞ ከኦሃዮ ተነሥቶ ፔንሲልቫኒያን፣ ኒው ዮርክን፣ የካናዳዋን ኦንታሪዮንና ኒው ኢንግላንድን አዳርሷል። ከዌስተርቪል ጥቂት ወደ ሰሜን፣ ዴላዌር በምትባለው የኦሃዮ ከተማ፣ የአሜሪካ ደን አገልግሎት ምርምር ጣቢያ አለ። ጄኒፈር ኮክ በዚያ ሌላ የቢች በሽታ የሚቋቋሙ ዛፎችን ለዓመታት ሲያራቡ ኖረዋል፤ በሆልደኑ የባክቴሪያ ጥናትም ተሳትፈዋል። ተመራማሪዎቹ አሁን በሞቱት መካከል ቅጠላቸው ንጹሕ ሆኖ የቆሙ ዛፎችን እየፈለጉ፣ ቅርንጫፋቸውን ቆርጠው በችግኝ ላይ እያዳቀሉ ነው።